«ተመስገን»ን በየትኛው ኮድ እንሙላው?

ስለ ምርምር ኢንተርንሺፕ ለማኅበራዊ ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ምርምር ኢንተርንሺፕ እንድናገር ነው የጋበዙኝ። የት ይገኛል፣ እንዴት ይጠየቃል፣ ምን ይጠቅማል። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ወደ አንዲት እናት ቤት ልውሰዳችሁ።

የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ከተፈታ ጥቂት ቀን ሆኖታል። ቦታው ሰሜን ሸዋ፣ ደጋ፣ ገብስ አገር። አንድ የጥናት ተቋም «ኢንተርን» ብሎ ቀጥሮኛል። ታብሌቱን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቀበሌው የሰጠንን መንገድ መሪ ተከትዬ፣ በጭቃ ወደ ሁለት ሰዓት ሄደን ደረስን። እማማ «ቤት ለእንግዳ» ብለው አስገቡን። መንገድ መሪው በሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጠ።

ጥግ ላይ ጎታ ቆሟል። ክዳኑ ተነስቷል። ውስጡ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። እህል ያለበት ጎታ ውስጥ ዶሮ አይተኛም። እማማ ቡና አፈሉ። ስኒውን ሲያቀብሉን ቀና ብለው አላዩንም። «ቡና ቁርስ እንኳ የለም፤ አትቀየሙኝ ልጆቼ» አሉ።

ታብሌቱን ከፈትኩ። የምግብ ዋስትና ክፍል ላይ ደረስኩ። 9 ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ባለፉት 4 ሳምንታት ቤተሰቡ የሚበላው በቂ ምግብ አይኖርም ብለው የተጨነቁበት ጊዜ ነበር?

«ተመስገን ነው» አሉ።

ደገምኩላቸው።

«ተመስገን ነው ልጄ። ምን ይባላል።»

ታብሌቱ ላይ ያለው የመልስ ኮድ «1. አዎ» እና «2. አልነበረም» ነው። 2ን ነካሁ።

ወረድ ብሎ ሌላ መጣ። በቂ ምግብ ስላልነበረ በቀን የሚመገቡበትን ጊዜ የቀነሱበት ቀን ነበር? እማማ ሳቁ። «ፍልሰታ አልነበር እንዴ! በፍልሰታ ማን በቀን ሦስቴ ይበላል?» አሁንም 2ን ነካሁ። ባለፉት 4 ሳምንታት ውስጥ ሁለቱ ሳምንት ጾም ነበር። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ይሄን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ግን የማውቀውን የምጽፍበት ቦታ ታብሌቱ ላይ የለም። በቀን 6 ቤት መጨረስ ነበረብኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ከዓመት በኋላ ሪፖርቱ ወጣ። ያ ቀበሌ ደህና ከሚባሉት መሀል ተመድቧል። ሰንጠረዡን ደጋግሜ አየሁት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እኔው ነኝ የሞላሁት። ቁጥሩ ሲነበብ ግን ዶሮዋን ያየ ሰው ስብሰባው ላይ አልነበረም። ማንም አልጠራኝም፤ እኔም መጠራት እንደሚገባኝ አላውቅም ነበር።

ደብዳቤዬ ላይ «ኢንተርን» ይላል። እውነቱን ከተነጋገርን መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። መረጃ መሰብሰብን አልንቅም። ጥሩ መረጃ ሰብሳቢ በሥራ ላይ ያየ ሰው አይንቀውም። በዝናብ፣ በፀሐይ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ የማያውቀው ሰው ቤት ገብቶ፣ ሰው ለጎረቤቱ የማይነግረውን በትህትና ጠይቆ የሚወጣ ባለሙያ ነው። ኢንተርንሺፕ ግን ሌላ ነገር ነው። ኢንተርን ሙያ ሊማር የመጣ ሰው ነው። የእኛ ሙያ ደግሞ ጥያቄ ማውጣት ነው። ያ ጥያቄ ሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ማየት ነው። የመጣውን መልስ ተጠራጥሮ ማንበብ፣ ከዚያም መጻፍ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ያየሁት አንዱን ነው፤ እሱንም በጥድፊያ።

ስለዚህ የምለው ይሄን ነው። «ተመስገን» የሚለውን መልስ በጆሮው የሰማ ተማሪ፣ ቁጥሩ በሚነበብበት ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ ያገኘው የቀን ሥራ ነው። አበሉን ይቀበል፤ ስሙን ግን ኢንተርንሺፕ አንበለው።

የሌሎች ሙያዎችን ተማሪዎች እዩ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ፋብሪካ ወይም ግንባታ ላይ የሚውልበት ጊዜ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለው። የሕክምና ኢንተርን በአዋቂ ሐኪም ሥር ሆኖ በሽተኛ ያያል። የሶሻል ወርክ ተማሪ የመስክ ልምምድ አለው። ሶሲዮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ፖለቲካል ሳይንስ ላይ ግን በአብዛኛው ኮርስ ትጨርሳላችሁ፣ ፕሮፖዛል ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ለብቻችሁ መስክ ትወጣላችሁ። የመጀመሪያ ስህተታችሁን የምትሠሩት በራሳችሁ ቴሲስ ላይ ነው። አርሞ የሚመልሳችሁ ሰው አጠገባችሁ የለም። አማካሪያችሁ የሚያየው የተጻፈውን ነው እንጂ ጎታውን አይደለም።

አገራችን ይህን ልምድ አታውቀውም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው። ስለ ተወለዱበት አካባቢ ጋብቻ፣ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ልማዱ ይጽፉ ነበር። ጽሑፎቹ በማኅበሩ መጽሔት ታትመዋል። ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው! ጥያቄውን ራሳቸው ያወጣሉ፣ ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ ራሳቸው ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ውስጥ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ገብታችሁ የድሮ ተማሪዎች የጻፉትን ፈልጉ። ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት፤ ብዙ ያስተምራችኋል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይሄኛው ለእኔ በጣም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ15 የገጠር መንደሮች ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን መጠየቅ ጀመረ። እዚያው ቤተሰብ ዘንድ እየተመላለሱ እስከ 2009 ድረስ ጠይቀዋል። የትመን፣ ዲንኪ፣ ሹምሸሃ፣ ሐረሳው፣ እምድብር፣ ጋራ ጎዶ፤ እነዚህ ስሞች በዓለም ዙሪያ በኢኮኖሚስቶች ጽሑፍ ውስጥ ይገኛሉ። ብዙ ሰው የማያነሳው ግን ከቁጥሩ ጎን የተሠራውን ሥራ ነው። የሶሲዮሎጂና የአንትሮፖሎጂ ሰዎች ስለነዚያው መንደሮች ሌላ ጽሑፍ ጻፉ። የትኛው ወር እህል ያልቃል? መቼ ይጾማል? ዕድሩ እንዴት ነው? ማን ከማን ጋር በሬ ይቀናጃል? ኢኮኖሚስቱ ሰንጠረዥ ላይ የማይገባው ቁጥር ሲገጥመው ያንን ገልጦ ማየት ይችላል። «ተመስገን» የሚለውን ኮድ መስጠት ያቃተው ሰው መልሱን የሚያገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው።

«ያንግ ላይቭስ» የሚባለውን ጥናት ታውቁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በ20 ቦታዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ልጆችን እየተከታተለ አሳድጓል። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ጥያቄው በስልክ ሆነ። ጥናቱ እንዳይቋረጥ ሌላ መንገድ አልነበረም። ስልክ ላይ ግን ጎታ አይታይም። ቡና ቁርስ እንደሌለም አይታወቅም። በስልክ መጠየቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ድምፅ ሲሰበር መስማት፣ ዝም ሲሉ መታገስ። ይህን ከመጽሐፍ አትማሩትም፤ የምትማሩት ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ነው።

አሁን ወደ ቢሮ እንግባ። ብዙ ተማሪ መስክ ካልወጣ ኢንተርንሺፕ የሠራ አይመስለውም። እኔ ግን ቢሮ ውስጥ ያለውን አንድ ሥራ እንድትለምኑ እመክራችኋለሁ፦ ዳታ ማጽዳት፤ ከመስክ በመጣው መረጃ ውስጥ የማይመስለውን እየፈለጉ ማረም። አሰልቺ ነው ይባላል። እኔ ከሁሉም በላይ የተማርኩት እሱ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ የእርሻ መሬት መጠን እያየሁ አንድ ገበሬ 12 ሄክታር አለው የሚል አገኘሁ። አካባቢው ሰው ግማሽ ሄክታር አግኝቶ የሚያርስበት ነው። አጠገቤ ያለው ሰው «ስህተት ነው፣ አጥፋው» አለኝ። መጥፋት አልነበረበትም። ገበሬው የተናገረው 12 ጥማድ ነው፤ መዝጋቢው መለኪያውን ሳይቀይር ሞላው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በአማካይ ሩብ ሄክታር ገደማ ይባላል፤ ግን ተዳፋት ላይ ሌላ ነው፣ ሜዳ ላይ ሌላ ነው፣ በሬው ሲከሳም ሌላ ነው። ስለዚህ ገበሬው 3 ሄክታር ገደማ አለው ማለት ነው፤ ለዚያ አካባቢ ባለጸጋ ነው። ብናጠፋው ኖሮ የቀበሌውን ባለጸጋ አጥፍተን ሁሉም እኩል ድሃ ነው ብለን እንጽፍ ነበር።

ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011/12 የጀመረው የማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት ለዚህ ነው ማሳውን በጂፒኤስ የሚለካው። ገበሬው በቃሉ የሚለውንም አብሮ ይመዘግባል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ዳታው በዓለም ባንክ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ ተመዝግቦ ማውረድ ነው። ኢንተርንሺፕ እስክታገኙ ድረስ እሱን አውርዳችሁ አንድ ወረዳ ምረጡና ማሳዎቹን ቁጠሩ። ለማመልከቻችሁም ከረዥም ሲቪ ይልቅ ይሄ ይጠቅማችኋል።

በሮቹን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ኦስሪያ አለ፤ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ። የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት አለ። ኢልሪ፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ እንስሳት ላይ ቢያተኩርም ገበያና ቤተሰብ የሚያጠኑ ኢኮኖሚስቶችና የሥርዓተ ጾታ ተመራማሪዎች አሉት። የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ኢንተርን ይቀበላል፤ ግን እንደ ሌሎቹ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ክፍሎች ለኢንተርን ደመወዝ አይከፍልም። ከነዚህ ውጭ መምህሮቻችሁ የሚሠሯቸው ጥናቶች አሉ። ብዙው ዕድል ያለው እዚያ ነው፤ ማስታወቂያም አይለጠፍበትም። ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ስትጠይቁ «ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» አትበሉ። ማንኛውንም ሥራ ያለ ሰው የሚሰጠው ፎቶ ኮፒ ነው። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ የእናንተን ይሄን ጥናት አንብቤዋለሁ፣ እዚህ ጋ ጥያቄ አለኝ፣ በዚህ ላይ ብሠራ ደስ ይለኛል። ከተቀበሏችሁ ደግሞ ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁ። መጠይቁ ሲሞከር እኖራለሁ ወይ? ውጤቱ ሲነበብ እጠራለሁ ወይ? የሰበሰብኩትን ለቴሲሴ መጠቀም እችላለሁ ወይ? ስሜ የት ይገባል? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ኢሜይልም ይበቃል።

«መጠይቁ ሲሞከር እኖራለሁ ወይ?» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። እነዚያ 9 የምግብ ዋስትና ጥያቄዎች መጥፎ አይደሉም። በብዙ አገር ይሠራባቸዋል። መመሪያቸው ራሱ የአካባቢውን ሰው አማክሩ፣ ጥያቄውን ሞክሩት፣ አስተካክሉት ይላል። የዘለልነው እኛ ነን፤ ጊዜ የለም ተብሎ። ያ የተዘለለው ቀን ነው የኢንተርን ቀን። ቋንቋውን የሚናገር፣ ፍልሰታ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ፣ ነሐሴ ጎታ የሚራቆትበት ወር እንደሆነ በልጅነቱ ያየ ተማሪ፣ አንድ ቀን ቢሰጠው ኖሮ ያን መጠይቅ ያድነው ነበር።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር አላልፍም፤ የተቋም ኃላፊዎችም እዚህ ስላላችሁ። ያለ ክፍያ የሚሠራ ኢንተርን የምትፈልጉ ከሆነ የምታገኙት ቤተሰቡ አዲስ አበባ ያለውን ልጅ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣው፣ ሁለት ሆኖ አንድ ክፍል የተከራየው፣ የታክሲ ቆጥሮ የሚወጣው አይመጣም። አለመምጣቱ የስንፍና አይደለም። ጥናታችሁ ደግሞ የሚያስፈልገው እሱን ነው፤ ገጠሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ ክፈሉ። ፕሮጀክት ስትጽፉ ለመኪና ነዳጅ በጀት ትይዛላችሁ። ለተማሪውም ያዙለት። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በዚህ ምክንያት የቀሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የድጋፍ ደብዳቤ። መስክ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ከትምህርት ክፍል ይጀምራል፣ ክልል ቢሮ ይገባል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። በየደረጃው ማኅተም ይጨመርበታል። ቀበሌ ስትደርሱ «መንገድ ያሳያችሁ» ብለው ሰው ይሰጧችኋል። ደግነት ነው፤ ውሻም አለ፣ መንገዱም ይጠፋል። ግን ያ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እኔን የመራኝ ሰው የሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ዝርዝር ሲዘጋጅ ከሚቀመጡት አንዱ ነበር። ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2005 ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ወረዳ ሰው ታብሌት ወይም ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲያይ ዝርዝር ሊመዘገብ ነው ብሎ ያስባል። በዚያ ሰው ፊት «ቸግሮኛል» ማለት ለአንዱ ልመና ነው፣ ለሌላው ዝርዝሩን መቃወም ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው ቅጽ «ቃለ መጠይቁ በግል ይካሄዳል» ይላል። መደቡ ላይ የተቀመጠውን ሰው «ጋሼ፣ ውጭ ቢጠብቁን» ማለት ግን ሲያለማምዱት ካላየ ማንም ተማሪ አይደፍረውም። እኔ አልደፈርኩም።

አሁን በምሠራበት ቡድን መስክ ላይ ማታ ማታ አንድ ሰዓት እንቀመጣለን። ታብሌት ይዘጋል። ኢንተርኖቹ ኮድ ያልተገኘለትን ነገር ያወራሉ፤ አንድ ሰው በደብተር ይጽፋል። መጠይቁን ሁለት ጊዜ መስክ ላይ እያለን የቀየርነው ከዚያ ደብተር ተነስተን ነው። ውጤቱ ሲነበብም ደብተሩን የጻፈው ልጅ አብሮ ይቀመጣል።

እማማ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ። መንገዱን ስለማውቀው መሪ አልያዝኩም። ገብስ ገብቷል። ጎታው ተከድኗል፤ ዶሮዋ ውጭ ትጭራለች። ቡናው ከነቆሎው ቀረበ። ታብሌት አልያዝኩም። ያን ነሐሴ ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ያን ክረምት?» አሉ። ስኒውን አስቀመጡት። «ያን ክረምት ዘሩን በልተነው ነበር እኮ ልጄ።»

ያኔ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«እንግዳ ፊት ረሃብ ይወራል? ደግሞስ ያ ሰውዬ በር ላይ ተቀምጦ?»